ባለቤት ያጣው ሲዚየም፦ ጎያኒያ ከተማ የከፈለችው ዋጋ

አንድ ድርጅት ቤት ሲለቅ ምን ትቶ ይሄዳል? አሮጌ ወንበር፣ የተሰበረ ቁም ሣጥን፣ ማንም የማያነበው የወረቀት ክምር። በብራዚል የጎያስ ግዛት ዋና ከተማ በጎያኒያ የነበረ አንድ የግል የጨረር ሕክምና ተቋም ግን እ.ኤ.አ. በ1985 መጨረሻ ወደ ሌላ ሕንጻ ሲዛወር ትቶት የሄደው የካንሰር ማከሚያ መሣሪያ ነበር። በመሣሪያው ሆድ ውስጥ 93 ግራም የሚመዝን ጨው ነበር። ጨው ይባል እንጂ ወጥ የሚጣፍጥበት አይደለም፤ ሲዚየም ክሎራይድ የሚባል ጨረር አመንጪ ዱቄት ነው። ተቋሙ መሣሪያውን ትቶ መሄዱን ለፈቃድ ሰጪው፣ ለብራዚል ብሔራዊ የኒውክሌር ኃይል ኮሚሽን፣ ማሳወቅ ነበረበት። አላሳወቀም። ከዚያ በኋላ ሕንጻው በከፊል ፈረሰ። ሁለት ዓመት ሊሞላ ሲል ግቢው ማንም የሚገባበት ወና ሆኖ ነበር።

ያ ጨው አራት ሰዎችን ገደለ፤ 249 ሰዎችን በከለ፤ ከ112,000 በላይ የከተማዋ ነዋሪዎች በስታዲየም ተሰልፈው እንዲመረመሩ አደረገ። አደጋው የደረሰው በኒውክሌር ማመንጫ አይደለም። ከቦምብም ጋር አይገናኝም። ሰው ለማዳን የተገዛ ዕቃ ነው ሰው የገደለው።

የጎያኒያ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚተረከው «ያልተማሩ ሰዎች የማያውቁትን ነገር ነክተው ሞቱ» ተብሎ ነው። ይህ አተራረክ የታሪኩን ትልቁን ክፍል ይደብቃል። ዕቃው ምን እንደሆነ የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ። ያወቁት ሰዎች ግን ቤት ቀይረው ሄደዋል፤ እውቀታቸውንም ይዘውት ሄደዋል።

▪️ ያ ጨው ምን ነበር?

አንድ ንጥረ ነገር ማንነቱን የሚያገኘው በአተሙ አስኳል ውስጥ ካሉት ፕሮቶኖች ብዛት ነው። 55 ፕሮቶን ያለው አተም ሁሉ ሲዚየም ነው። የኒውትሮኖቹ ቁጥር ግን ሊለያይ ይችላል። ፕሮቶናቸው እኩል፣ ኒውትሮናቸው የተለያየ አተሞች አይሶቶፕ ይባላሉ። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1913 ለሳይንስ ያስተዋወቀው እንግሊዛዊው ኬሚስት ፍሬድሪክ ሶዲ ነው፤ ቃሉን የጠቆመችው ደግሞ ማርጋሬት ቶድ የተባለች ሐኪም ናት። በግሪክኛ «አንድ ቦታ» ማለት ነው፤ በንጥረ ነገሮች ሠንጠረዥ ላይ የሚቀመጡት እዚያው አንድ ቦታ ላይ ነውና።

በተፈጥሮ የሚገኘው ሲዚየም 133 የረጋ ነው። ሺህ ዓመት ቢቀመጥ ያው ሲዚየም ነው። ሲዚየም 137 ግን ከእሱ በአራት ኒውትሮን ይበልጣል። ይህ ትርፍ ለአስኳሉ ዕረፍት አይሰጠውም፤ አንድ ቀን ጨረር ረጭቶ ወደ ሌላ ንጥረ ነገር ይለወጣል። ይህን አይሶቶፕ ከመሬት ቆፍሮ የሚያወጣው የለም። ዩራኒየም በኒውክሌር ማብላያ ውስጥ ሲሰነጠቅ የሚፈጠር ነው።

ጨረሩ ራሱ ሦስት ዋና ዋና ዓይነት አለው፤ ይህን ለመለየት ጥቂት ዓመታት ብቻ ነው የፈጀው። እ.ኤ.አ. በ1896 ፈረንሳዊው ሄንሪ ቤክሬል የዩራኒየም ጨው በወረቀት የተጠቀለለ የፎቶግራፍ መስታወት አጥቁሮ አገኘ። ከሁለት ዓመት በኋላ ማሪና ፒየር ኩሪ ፖሎኒየምንና ራዲየምን አገኙ። በ1899 ኧርነስት ራዘርፎርድ የዩራኒየምን ጨረር በስስ የአሉሚኒየም ንጣፎች እየጋረደ ሲለካ አንዱ ወዲያው ሲታገድ ሌላው ዘልቆ ሲያልፍ አየ፤ በግሪክ ፊደላት አልፋና ቤታ አላቸው። በ1900 ፈረንሳዊው ፖል ቪላርድ ከሁለቱም ይበልጥ ዘልቆ የሚሄድ ሦስተኛ ጨረር አስተዋለ፤ ይህም በኋላ ጋማ ተባለ።

አልፋ ሁለት ፕሮቶንና ሁለት ኒውትሮን የያዘ ከባድ ቅንጣት ነው። ወረቀት ያግደዋል፤ የቆዳ የላይኛው ሽፋንም ያግደዋል። ክፋቱ የሚወጣው በአፍ ወይም በአፍንጫ ወደ ውስጥ ሲገባ ነው። በ1920ዎቹ በአሜሪካ የሰዓት ቁጥሮችን በራዲየም ቀለም ይቀቡ የነበሩ ሴቶች ብሩሹን በከንፈራቸው እያሾሉ ይሠሩ ስለነበር መንጋጋቸው በስብሶ ያለቀው በዚህ ምክንያት ነው። ቤታ ፈጣን ኤሌክትሮን ነው፤ ከቆዳ ጥቂት ዘልቆ ይገባል፣ ያቃጥላል፣ ስስ አሉሚኒየም ያቆመዋል። ጋማ ደግሞ ክብደት የለውም፤ የብርሃን ወገን ነው። ሰውነትን በስቶ ያልፋል፤ እሱን ለማዳከም ወፍራም እርሳስ ወይም ኮንክሪት ያስፈልጋል።

ሲዚየም 137 የሚረጨው ቤታ ነው። ቤታውን ረጭቶ ባሪየም ይሆናል። አዲሱ ባሪየም ግን አብዛኛውን ጊዜ ትርፍ ኃይል ይዞ ስለሚወለድ በደቂቃዎች ውስጥ ጋማ ለቆ ይረጋል። ለካንሰር ሕክምና የሚፈለገው ይህ ጋማ ነው፤ ከውጭ ተልኮ በሰውነት ውስጥ ያለውን ዕጢ ይመታልና።

ሲዚየም 137ን ተፈላጊ ያደረገው ሌላው ነገር ዕድሜው ነው። ከያዝከው ሲዚየም ግማሹ ተለውጦ ለማለቅ 30 ዓመት ገደማ ይፈልጋል፤ ይህ ግማሽ ዕድሜ ይባላል። ለተመሳሳይ ሕክምና የሚያገለግለው የኮባልት 60 ግማሽ ዕድሜ ከአምስት ዓመት ጥቂት ቢያልፍ ነው። ስለዚህ ሲዚየም የገዛ ሆስፒታል ቶሎ ቶሎ ምንጭ መለወጥ የለበትም። ለገዢው ይህ ቁጠባ ነው። ሆስፒታሉ ሲዘጋ ግን ያው ረጅም ዕድሜ ዕዳ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1987 በዚያ ወና ሕንጻ ውስጥ በየሰከንዱ 50.9 ትሪሊዮን አተሞች ጨረር ይረጩ ነበር። ባለቤቱ መሄዱን አተም አያውቅም።

▪️ አሥራ ስድስት ቀናት

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 13 ቀን 1987። በኢትዮጵያ አቆጣጠር መስከረም 2 ቀን 1980፣ በዘመኑ የአብዮት በዓል የሚከበርበት ዕለት ነው። በጎያኒያ ሁለት ሰዎች፣ በአዲስ አበባ ቢሆኑ ቆራሌ የሚባሉ ዓይነት፣ «በዚያ ሕንጻ ውስጥ የተጣለ ከባድ መሣሪያ አለ» የሚል ወሬ ሰምተው ገቡ። መሣሪያውን ነቃቅለው ምንጩ የተቀመጠበትን ክፍል በእጅ ጋሪ ገፍተው ወደ አንደኛው ቤት ወሰዱት። ሁለቱም ወዲያው ማስታወክ ጀመሩ። አንደኛው ተቅማጥና ማዞር ተጨመረበት፤ እጁም አበጠ። ሐኪም ዘንድ ሲሄድ የተነገረው የተበላሸ ምግብ በልቶ አለርጂ እንደተነሳበት ነው።

በሴፕቴምበር 18 ሁለቱ ሰዎች ብረቱን ለአንድ የቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ሸጡለት። ምንጩን የሸፈነው ስስ መስኮት በዚያ ጊዜ ተበስቶ ነበር። በዚያ ምሽት ነጋዴው ከብረቱ መካከል ሰማያዊ ብርሃን ሲወጣ አየ። የከበረ ነገር መሰለው፤ ምናልባትም ከሰው ዓለም ያልሆነ። ወደ ቤቱ አስገባው። በቀጣዮቹ ሦስት ቀናት ጎረቤት፣ ዘመድ፣ ወዳጅ እየተጠራ መጥቶ አየ። የሩዝ ፍሬ የሚያክሉ ቁርጥራጮች ለወዳጆች ታደሉ። እንደ ካርኒቫል ብልጭልጭ ሰውነታቸውን የተቀቡበትም ነበሩ።

ይህን ሁሉ ያደረጉት ሰዎች ክፉም ሞኝም አልነበሩም። የሚያምር ነገር ያገኘ ሰው ለወዳጁ ያሳያል፣ ያካፍላል። ጨረር አይሸትም፣ አይሞቅም፣ አይሰማም። ያ ጨው ለዓይን የሰጠው ምልክት ቢኖር ውበቱ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነገሩ በፍጥነት ተዛመተ። ሲዚየም ክሎራይድ እንደ ገበታ ጨው በውኃ ይሟሟል፤ ዱቄቱ ከእጅ ወደ ልብስ፣ ከልብስ ወደ አልጋ ይሻገራል። ወደ ሰውነት ሲገባ ሰውነት ከፖታሲየም ለይቶ አያየውም፤ በጡንቻ ውስጥ ሁሉ ያሰራጨዋል። የነጋዴው ሚስት ታመመች፤ ልታስታምማት የመጣችው እናቷ ብክለቱን ይዛ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ሁለት ወጣት ሠራተኞች ከመሣሪያው ላይ እርሳሱን ለማውጣት ሲቀጠቅጡ ሰነበቱ። እርሳሱ የሚሸጥ ነበር፤ ጋማውን ከሰው የሚለየው ጋሻም እሱ ነበር። በሴፕቴምበር 24 የነጋዴው ወንድም ጥቂት ቁራጭ ወደ ቤቱ ወስዶ በማዕድ ጊዜ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። የስድስት ዓመት ሴት ልጁ ዱቄቱን እየነካካች በእጇ በላች።

▪️ የገባት ሴት

በዚህ ታሪክ ውስጥ ምስጢሩን መጀመሪያ የደረሰበት ሳይንቲስት አይደለም። የነጋዴው ሚስት ናት። በዙሪያዋ ያለው ሰው ሁሉ በአንድ ሰሞን መታመሙን አየች፤ ሁሉም የነካው አንድ ነገር እንደሆነ አሰበች። በሴፕቴምበር 28 ከአንድ ሠራተኛ ጋር የምንጩን ቅሪት በከረጢት አስይዛ፣ በሕዝብ አውቶቡስ ተሳፍራ፣ ወደ ከተማው የጤና ቁጥጥር ቢሮ ሄደች። ከረጢቱን ሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ቤተሰቦቿን እየገደለ ያለው ይህ መሆኑን ነገረችው። ሐኪሙ ጥቂት ቆይቶ ሥጋት ስለገባው ከረጢቱን ወደ ግቢው አውጥቶ ወንበር ላይ አስቀመጠው። እዚያው አደረ።

በማግስቱ አንድ የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያ ለማዕድን ፍለጋ የሚያገለግል የጨረር መለኪያ ተውሶ ወደ ቢሮው አመራ። ገና ሳይደርስ መንገድ ላይ መለኪያውን ሲከፍት መርፌው እስከ መጨረሻው ተወረወረ። ወደ የትኛውም አቅጣጫ ቢያዞረው ያው ነው። መሣሪያው የተበላሸ መስሎት ተመልሶ ሌላ አመጣ። ሁለተኛውም ያንኑ ነገረው። ሲደርስ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ከረጢቱን ወስደው ወንዝ ሊጥሉት ተሰናድተው ነበር፤ ለጥቂት ደርሶ አስቆማቸው። የተጠራው ባለሙያ አንድ ሰዓት ዘግይቶ ቢሆን የሚበከለው ወንዙ ነበር። ይህ የሆነው ሴፕቴምበር 29 ነው፤ መሣሪያው ከተነቀለ በ16ኛው ቀን።

ሴትዮዋ በኦክቶበር 23 ሞተች፤ 37 ዓመቷ ነበር። በዚያው ቀን የስድስት ዓመቷ ሕፃን ሞተች። በቀጣዩ ሳምንት የ22 እና የ18 ዓመቶቹ ሠራተኞች ተከተሉ። ከሁለቱ ቆራሌዎች የአንደኛው ቀኝ ክንድ ተቆረጠ። ነጋዴው ራሱ ከሚስቱ የሚበልጥ ጨረር ተቀብሎ ነበር፤ ግን ተረፈ። ባለሙያዎች ለዚህ የሰጡት ማብራሪያ ጨረሩ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በተለያየ ጊዜ ተከፋፍሎ ስለደረሰው ሰውነቱ መካከል መካከል ላይ የማገገም ዕድል አግኝቷል የሚል ነው። የካንሰር ሐኪሞች የታካሚን ጨረር በየቀኑ እየከፋፈሉ የሚሰጡትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ሲዚየም ለገባባቸው ታካሚዎች የተሰጠው መድኃኒት ከ18ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ሠዓሊዎች የሚጠቀሙበት የፕሩሺያ ሰማያዊ የሚባል ቀለም ነው። በአንጀት ውስጥ ሲዚየሙን ይይዝና ከሰገራ ጋር ያስወጣዋል። መድኃኒቱ ብዙዎችን ረድቷል፤ ቀድሞ ቢጀመር ደግሞ የበለጠ ይረዳ ነበር።

▪️ ከጨረሩ የቀጠለ ፍርሃት

ወሬው ሲወጣ ከተማዋ ተናወጠች። ሕፃኗ በእርሳስ በተለበጠ ሣጥን ስትቀበር መቃብሩ ይበክለናል ያሉ ሰዎች ቀብሩን ለማስቆም ድንጋይ ወረወሩ። የጎያኒያ ሰው ሆቴል የሚከለከልበት፣ አውሮፕላን አብራሪ «አልጭንም» የሚልበት ጊዜ መጣ። የአካባቢው የእርሻ ምርት ዋጋው ወደቀ። ሰዎች «ከብክለት ነጻ» የሚል ወረቀት ለማግኘት ተሰለፉ። ብክለት ያገኛቸው 249 ሰዎች ሆነው ሳለ ቅጣቱ ለመላው ከተማ ተረፈ።

ባለሥልጣኖች ዕውነቱን ቶሎ መናገራቸው ብቻ በቂ አልነበረም፤ ሕዝቡ አልፋን ከጋማ፣ በጨረር መመታትን በጨረር ከመበከል የሚለይበት እውቀት ቀድሞ አልተሰጠውም። በጋማ የተመታ ሰው በኤክስሬይ እንደተነሣ ሰው ነው፤ ወደ ሌላው አያስተላልፍም። በቆዳው ወይም በሆዱ ዱቄቱን የያዘ ሰው ግን ሊያስተላልፍ ይችላል። ይህን ልዩነት የማያውቅ ሕዝብ መጀመሪያ ያለ ፍርሃት ይነካል፤ በኋላ ያለ ምክንያት ይፈራል። ጎያኒያ ሁለቱንም በአንድ ወር ውስጥ አየች።

ጽዳቱ ወራት ፈጀ። ቤቶች ፈረሱ፣ አፈር ተዛቀ፣ የቤት ዕቃ በበርሜል ታሸገ። ከ93 ግራም ጨው 3,500 ሜትር ኩብ ገደማ ቆሻሻ ወጣ። ዛሬ ከከተማዋ ወጣ ብሎ አባዲያ ዴ ጎያስ በተባለ ቦታ ተቀብሮ ይጠበቃል። እ.ኤ.አ. በ2017 የሲዚየሙ ግማሽ አለቀ፤ በ2047 ሩቡ ይቀራል። ወደ አንድ ሺህኛው ለመውረድ 300 ዓመት ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2000 የብራዚል ፍርድ ቤት የኒውክሌር ኮሚሽኑ ለተጎጂዎች ካሳ እንዲከፍልና ሕክምናቸውን እስከ ሦስተኛ ትውልድ እንዲሸፍን ወሰነ።

▪️ ጅብ ከሄደ በኋላ

ጎያኒያ የመጀመሪያዋ ብትሆን «ማን ያውቅ ነበር?» ማለት ይቻል ነበር። አልነበረችም። ከአራት ዓመት ገደማ በፊት፣ በዲሴምበር 1983፣ በሜክሲኮ ሲውዳድ ኋሬዝ ከተማ አንድ የግል ሆስፒታል ገዝቶ ለዓመታት በመጋዘን ያስቀመጠው የኮባልት 60 ማከሚያ ተፈታትቶ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠ። ደቃቃ የኮባልት ፍሬዎቹ ከብረቱ ጋር ቀልጠው የግንባታ ፌሮና የጠረጴዛ እግር ሆኑ። ነገሩ የታወቀው በጃንዋሪ 1984 ፌሮ የጫነ መኪና በአሜሪካ የሎስ አላሞስ ቤተ ሙከራ አጠገብ ሲያልፍ የጨረር ማስጠንቀቂያው ስለጮኸ ነው። በአጋጣሚ ማለት ነው።

ከጎያኒያ በኋላም ቀጠለ። እ.ኤ.አ. በ2000 በታይላንድ ሳሙት ፕራካን የተጣለ የኮባልት ማከሚያ በቁርጥራጭ ብረት ነጋዴዎች እጅ ገብቶ ሦስት ሰዎች ሞቱ። በ2010 በዴልሂ ማያፑሪ ሰፈር አንድ ዩኒቨርሲቲ በጨረታ ያስወገደው የላቦራቶሪ መሣሪያ ተፈታትቶ አንድ ሰው ሞተ። አገሩ፣ ቋንቋው፣ ዓመቱ ይለያያል፤ መንገዱ አንድ ነው፦ ተቋም ይገዛል፣ ተቋም ይረሳል፣ በመጨረሻ በቀን ገቢ የሚኖር ሰው ይከፍተዋል።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ የጨረር ምንጮች ደህንነትና ጥበቃ የሥነ ምግባር ደንብን በ2003 አጸደቀ። አገሮች የምንጮችን ብሔራዊ መዝገብ እንዲይዙ፣ ምንጭ ከመገዛቱ በፊት መጨረሻው እንዲታሰብ ይጠይቃል። በ2007 ደግሞ አዲስ ምልክት ወጣ። የቆየው የሦስት ቅጠል ምልክት ለሠለጠነ ሰው እንጂ ለሌላው ምንም እንደማይናገር ስለታወቀ፣ በ11 አገሮች ከተሞከረ በኋላ በቀይ መደብ ላይ የራስ ቅልና የሚሮጥ ሰው ተሳለ። ፊደል ያልቆጠረም ሆነ ፊዚክስ ያልተማረ ሰው «ሽሽ» የሚለውን እንዲያነብ ነው።

ይህ ጉዳይ ለኢትዮጵያም የሩቅ ወሬ አይደለም። የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የካንሰር ሕሙማንን ለዓመታት ያከመው በኮባልት 60 ነው። ቃሊቲ በሚገኘው ማዕከል የቆላ ዝንብ ወንዶች የሚመክኑት በኮባልት ጨረር ነው። በጨረር የዳነ ሕመምተኛ፣ ከገንዲ የተረፈ በሬ ያለው ገበሬ ይህን ጥቅም ያውቃል። አገሪቱ ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ የጨረር መከላከያ ሕግና ተቆጣጣሪ አላት፤ ሕጉም በ2009 ዓ.ም. ታድሷል። ሕግ መኖሩ መልካም ነው፤ ብራዚልም ሕግ ነበራት። የጎደለው ሁለት ዓመት በሚጠጋ ጊዜ ውስጥ በሩን አንኳኩቶ «ያ መሣሪያ የት ደረሰ?» ብሎ የጠየቀ ሰው ነው።

የሕክምና መሣሪያ ሲገባ ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ዜና ይሠራል። ሲያረጅ ማን እንደሚያነሳው፣ በማን ወጪ፣ ወዴት እንደሚሄድ የሚጠየቀው ግን በዚያ ቀን መሆን አለበት። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኸው ነው። ተቋማት ይዋሃዳሉ፣ ስማቸው ይለወጣል፣ ኃላፊ ይሻራል፣ የኪራይ ውል ያልቃል። ሲዚየም ይህን ሁሉ ሳያውቅ 30 ዓመት ቆጥሮ ግማሹን ብቻ ይጨርሳል። ከሰው ወገን ከእሱ እኩል መታገስ ያለበት ነገር ቢኖር መዝገቡና መዝገቡን ገልጦ የሚጠይቀው ሰው ናቸው። ምናለሽ ተራ ብረት የሚቀጠቅጥ ወጣት አልፋና ቤታን እንዲለይ አይጠበቅበትም። ይህን የሚለዩት ሰዎች ዕቃው እሱ እጅ እንዳይደርስ የማድረግ ግዴታ አለባቸው።